ብርዱን አንክሰስ



በሱሉልታ ቤት የተከራየን ተማሪዎች በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር አንድ ቃል እንሰማለን፤ ይኸውም «ቱቦው በረዶ ሠራ» የሚል ነው። የዕቃ ማጠቢያው ውኃ አልወርድ ሲል፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ግቢው ሲሸት፣ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ብርድ ነው። ብርድ ጠበቃ የለውም፤ ካሣ አይጠየቅም፤ መልስም አይሰጥም። ስለዚህ እሱን መክሰስ ለሁሉም ይመቻል። እኔ ግን ዛሬ ለብርድ ጠበቃ ሆኜ እከራከራለሁ።

በገና ማግሥት እኔና አብረውኝ የሚኖሩት ሁለት ጓደኞቼ የዶሮ ወጥ ድስት አጥበን እጣቢውን ወደ ማጠቢያው ደፋን። ሲነጋ ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፏል፤ ቱቦውም ተዘግቷል። አከራያችን መጥተው «ልጆቼ፣ ብርዱ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይለቃል» አሉን። ፀሐይ ወጣ፤ አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን በፌሮ ቢወጉት ቱቦው ተበሳ። በአራተኛው ሌሊት ከጉድጓዱ ነጥለው በአጥሩ ሥር ወደ መንገዱ ቦይ አዞሩት። «ጋሼ፣ ከታች እኮ ሰው አለ» ብንላቸው «ውኃው ይወስደዋል» አሉን። ወዴት ነው የሚወስደው? ከእኛ በታች አንዲት እናት ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ላሞቹ የሚጠጡት ቦዩ ከሚገባበት ወንዝ ነው፤ እኛም ወተት የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ይኸን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልሁ። የምጽፈውም ዝም በማለቴ ስላፈርሁ ነው።

እስቲ ነገሩን በተማርነው እንመዝነው። በካናዳና በሰሜን አውሮፓ ብርዱ ለወራት ከዜሮ በታች ስለሚቆይ መሬቱ ራሱ ይረጋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ቱቦውን ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አጥልቀው ይቀብሩታል፤ ውጭ የሚቀረውንም ሙቀት በሚይዝ ነገር ይጠቀልሉታል። የእኛ ውርጭ ግን የሌሊት እንግዳ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የሱሉልታ ሜዳ የቀን ሙቀቱን ይለቃል፤ ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ንጋት ላይ አመዳይ ይሆናል፤ ረፋድ ላይ የለም። ግማሽ ሜትር የተቀበረ ቱቦ ይኸን ውርጭ አያውቀውም። ውጭ ባደረ የላስቲክ ጎማ ውስጥ የቀረ ውኃ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ የተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ ግን በእንዲህ ያለ ሌሊት በረዶ አይሠራም።

ታዲያ የረጋው ምንድን ነው? ቅባት ነው። ቅቤ ከገላችን ሙቀት ዝቅ ሲል ይረጋል፤ የበሬ ሞራ ቀልጦ እንዲቆይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ጾሙ እስኪፈታ ማጠቢያችን የሚያየው ዘይት ነው፤ እሱም ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» ብሎ ስም ያወጣለት የፓልም ዘይት ከሆነ በብርድ ይረጋል። ገና ሲመጣ ቅቤውና ጮማው በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ጥምቀትም ይከተላል። ብርዱና ድግሱ አንድ ወር ላይ ስለተገናኙ ጥፋቱን በብርዱ አሳበብን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው።

ቅባቱም ብቻውን አይደለም። የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። በየሰፈራችን ግን ቤቱ አልቆ፣ ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ በሩ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው ስለ ቱቦው የሚታሰበው። መፈተሻ ጉድጓድ የለው፤ ጠመዝማዛው ብዙ ነው። ቱቦው ሲዘጋ የፈላ ውኃ ይደፋበታል፤ ቅባቱ ቀልጦ ጥቂት ሜትር ይሄድና እንደገና ይረጋል። ኮስቲክ ሶዳም ይጨመራል፤ ሲበዛ በጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ረቂቅ ሕዋሳት ይገድላል። ሴፍቲ ታንከር የምንለው ጉድጓድ ሲሞላ ደግሞ ለመምጠጫ መኪና ላለመክፈል ሌሊት ወደ ቦይ መልቀቅ ይመጣል።

ሰበታና ቡራዩ ያላችሁ ጓደኞች «እኛ ዘንድ ውርጭ የለም» ብላችሁ አትሳቁ። እናንተ ዘንድ የሚከሰሰው ዝናቡ ነው። «ጎርፉ ጉድጓዱን ሞላው» ይባላል፤ በነሐሴ ዶፍ የጉድጓዱን ክዳን የከፈተው እጅ ግን አይነሣም። አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ውኃዎች አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው እዚያው ቡራዩ ነው። ከሰበታ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ የሰጠነውን ሁሉ ተሸክሞ በአፋር ምድር ይቀራል።

«ተማሪ ስለ አገር ጉዳይ ይናገር እንጂ ስለ ቱቦ ምን አገባው?» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ለእነሱ የምመልሰው ይኸን ነው። የሱሉልታ ውኃ ወደ ሙገር ይወርዳል፤ ሙገርም ዓባይን ይቀላቀላል። ስለ ዓባይ ስንጮህ የኖርነው፣ ለግድቡም ቤተሰቦቻችን ከጉሮሯቸው ቀንሰው ያዋጡት፣ የድስታችንን እጣቢና የመጸዳጃችንን ጉድጓድ ልንልክበት ነውን? ከታች ያለው ሰው ሲታመም ደግሞ «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» እያልን እንመክረዋለን። ከላይ ሆኖ ሲጠጣ የነበረው ጅብ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ቢላት «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። እኛም የምናመካኝ ጅቦች ሆነናል።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት እጠይቃለሁ። የበረዶ አገር መጽሐፍ አንብበን ቱቦ ከበረዶ እንዴት እንደሚጠበቅ በፈተና መመለስ እንችላለን። ቅቤና ሞራ የሚወርድበትን፣ ማጣሪያ ጣቢያ የማይደርሰውን የገዛ ሰፈራችንን ቱቦ ግን ማን አስተማረን? በ1950ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር። እኛ ለቅዳሜ ከሰዓት ሰበታ ድረስ መሄድ አቃተን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

1ኛ/ ተማሪዎች፦ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት ቅባቱ በወረቀት ተጠርጎ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል። ይኸ ምንም ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ሰበብም የለውም።

2ኛ/ አከራዮች፦ በወጥ ቤቱ መውጫ ላይ ቅባት የሚያስቀር ሳጥን፣ በየማጠፊያውም መፈተሻ ጉድጓድ ያድርጉ። የተነጠለውን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይመልሱ።

3ኛ/ አስተዳደሩ፦ ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ቤት ሲፈቀድ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ይታይ፤ የመምጠጫ መኪናም ድሃ በሚችለው ዋጋ ይገኝ፤ የመጠጠውንም የሚያራግፍበት ማጣሪያ ይሠራ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል፤ ከቦዩ በታች ያሉትን እናት አላስቀረም።

4ኛ/ መምህራን፦ በዚህ ዓመት ከሚሠሩት የመመረቂያ ጥናቶች ጥቂቶቹ በእነዚህ ሦስት ከተሞች ፍሳሽ ላይ ይሁኑ።

እኔ ከአከራዬ ጋር ተነጋግሬአለሁ። «ልጄ፣ ገንዘቡን ከየት ላምጣ?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። እኔና ጓደኞቼ ቱቦውን ራሳችን ቆፍረን ልንመልስ፣ የተበሳውንም በመዋጮ ልንቀይር ተስማምተናል። ዶማና አካፋ ያለው፣ ሙያውንም የሚያውቅ ጓደኛ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኝ። ያችን እናት ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ ቱቦው ሲመለስ እሄዳለሁ።

ከሱሉልታ የሚመላለስ ተማሪ