ዋጋ ጠይቆ መውጣት ነውር አይደለም

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዞር ብለን ስለ ምሳ እናውራ። ዞር ማለታችን ለአፍ ያህል ነው እንጂ፣ የኑሮ ውድነት የምንለው ነገር ተጨብጦ የሚታየው የሂሳብ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው።

በቅርቡ አጎቴ ለሕክምና ከሰሜን ሸዋ መጡ። ያሳደጉኝና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ደህና ቦታ ልጋብዛቸው ብዬ ቲክቶክ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ቦሌ አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ግድግዳው በአበባ ተሸፍኗል፣ መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፣ ሙዚቃው አያነጋግርም። ሜኑው በስልክ ተነስቶ የሚነበብ ነው ተባለ፤ ኔትወርኩ እምቢ አለ። አስተናጋጇ “ስፔሻል ክትፎ ላምጣላችሁ?” አለች። “ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አጎቴ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ዋጋ መጠየቅ አሳፈረኝ። “አምጪልን” አልኩ።

ክትፎው ቅቤ እንጂ ሥጋ ሥጋ አይልም፣ ቆጮውም ደርቋል። ሂሳቡ ሲመጣ ለሳምንት አስቤዛ ያስቀመጥኩት ብር አለቀ። እንደ ምንም ፈገግ ብዬ ከፈልኩ፤ ጉርሻም ጨመርኩ።

ውጭ ስንወጣ አጎቴ “ስንት ከፈልክ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ሄዱና “ልጄ፣ እኛ በሬ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን አይተን፣ አስረግጠን አይተን፣ ካልተስማማን ገመዱን ለባለቤቱ መልሰን እንሄዳለን። ማንም አያፍርም። እናንተ ከተሜዎቹ ምን ነካችሁ?” አሉ።

እውነት ምን ነካን? እኔ መልሱ ይሉኝታ ነው እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ መጥፎ ምግብ ቤት ከነመጥፎነቱ የሚኖረው ገብቶ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ ለመውጣት ስለሚያፍር ነው።

ሕጉ ግን ከእኛ ጎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ደንግጓል። ሸማቹም አማራጭ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይኸው አዋጅ ይናገራል። ሕግ የሰጠንን መብት ለአስተናጋጅ ፊት ብለን እንተወዋለን።

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ሜኑ ላይ 1,000 ብር የተጻፈ ምግብ አዘዛችሁ እንበል። ቤቱ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ የሚያስከፍል ከሆነ 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ትከፍላላችሁ። ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ፈቅዶ ይከፍላል። ሳያውቅ የከፈለ ግን እንደ ተታለለ ነው የሚሰማው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ይጣፍጣል?” ሳይሆን “ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ይጨምራል?” የሚል ይሁን። ጥሩ ቤት ያለ ኩርፊያ ይመልሳል። አስተናጋጁ ፊቱን ካጠቆረ ግን መልሱን አግኝታችኋል።

ከዋጋው ሌላ፣ እኔ ከአጎቴ ተግሣጽ ወዲህ የምመለከታቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በሥራ ቀን በምሳ ሰዓት ማን እንደሚበላበት አያለሁ። የላዳና የራይድ ሹፌሮች፣ የአካባቢው ባለሱቆች፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በየቀኑ የሚመላለሱበት ቤት ሁለት ነገር ይነግረናል። ዋጋው በየቀኑ የሚቻል ነው፤ ወጡም አያድርም። ለፎቶ አንድ ቀን የሚመጣ ሰው ያጨናነቀው ቤት ይህን አይነግረንም። ቲክቶክ ላይ “ዋው” የሚለው ልጅም ከፍሎ የበላ ይሁን ተከፍሎት የበላ አብዛኛውን ጊዜ አናውቅም።

ሁለተኛ፣ የሜኑውን ርዝመት አያለሁ። ክትፎም፣ ፒዛም፣ በርገርም፣ ዓሣም፣ የቻይና ምግብም አለ የሚል ወጥ ቤት፣ ሁሉንም ትኩስ አድርጎ ሊይዝ አይችልም፤ የማይታዘዘው ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። መብራት ሄዶ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ፍሪጅ ብዙ የሚታመን አይደለም። ሦስት አራት ነገር ብቻ የሚሠራ ቤት ግን በእነዚያ ከተሳሳተ ነገ ደንበኛ የለውም።

ሦስተኛ፣ አዲስ ቤት የምሞክረው ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው። ቅቤ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል፤ ያልበሰለ በርበሬን ሳይቀር ያስረሳል። በጾም ቀን በያይነቱ ላይ ግን መደበቂያ የለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በዘይትና በሽንኩርት ብቻ ከጣፈጠ ያ ቤት ባለሙያ አለው። እንጀራውም እዚያው ይፈተናል፤ ጠርዙ የደረቀ፣ ሲያነሱት የሚፈረፈር ከሆነ ያደረ ነው።

አራተኛ፣ ከመቀመጤ በፊት እጄን እታጠባለሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ምርመራ ነው። ቧንቧው ደርቆ፣ በጀሪካን የተቀመጠ ውኃም ሳሙናም ከሌለ፣ ሳህኑና ብርጭቆው በምን ታጠበ? ጓዳውን ማየት ባንችልም መታጠቢያው ስለ ጓዳው ይናገራል።

አምስተኛ፣ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው፦ ሥጋው ከየት እንደመጣ፣ ቄራ ታርዶ ማኅተም የተመታበት መሆኑን ይጠይቅ። ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን ኮሶ ሚጥሚጣ አይከላከለውም። ጥርጣሬ ካለ የበሰለ ማዘዝ ነው።

“አንተ ስለ ምግብ ቤት ምርጫ ታወራለህ፣ ስንቱ ምሳ ዕቃ ይዞ ይውላል፣ ስንቱስ ምሳ ይዘላል” የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ውጭ የሚበላ ሰው ነው ስህተቱ የሚጎዳው። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ይመጣል፣ ልጅ ይመረቃል፣ እጮኛ ትጋበዛለች። ያን ቀን ያጠራቀመውን ይዞ ይወጣል። ባለገንዘቡ ነገ ሌላ ቤት ይሞክራል፤ እሱ ግን ሌላ ዕድል የለውም።

የባለቤቶቹንም ችግር አልክድም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፤ የቤት ኪራዩም፣ ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ሥጋውም እነሱንም ይመለከታል። ውድ የሚሸጥ ቤት አላወግዝም፤ ውድነቱን በሩ ላይ ከለጠፈ ጨዋ ነጋዴ ነው። የማወግዘው ዋጋውን ደብቆ በእንግዳ ይሉኝታ የሚነግደውን ነው። እሱ የሚጎዳው እኛን ብቻ አይደለም። ዋጋውን ለጥፎ፣ ትኩስ ሠርቶ፣ በትንሽ ትርፍ የሚኖረውን ጎረቤቱን ገበያ ይነጥቃል። ሳንጠይቅ የምንከፍል እኛም በዚህ አለንበት።

አጎቴ ወደ አገራቸው የተመለሱት ረቡዕ ቀን ነበር። ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ምሳ ልንበላ ስንዞር ምርጫውን ለሳቸው ተውኩት። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቆመው “በያይነቱ ስንት ነው?” አሉ። ነገሯቸው። “እግዜር ይስጥልን” ብለው ዞሩ። ሁለተኛው ቤት ገብተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱና፣ ቧንቧውን አይተው ወጡ። እኔ መሬት ለመሬት ነበር የማየው። ሦስተኛው ቤት ሹፌሮች ሞልተውበታል፤ ዋጋው ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል። ተቀመጥን፣ ጠግበን በላን፣ የተጻፈውን ከፈልን።

የሚገርማችሁ፣ ትተናቸው ከወጣናቸው ቤቶች አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረንም። ስፈራው የኖርኩት ነገር ከነጭራሹ አልነበረም።

እናንተስ ቤት የምትመርጡት እንዴት ነው? ከሥር ጻፉልን። ለሚያፍር ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት። መልካም ምሳ!