እናቲቱን አትጣሏት

በዚህ ወር ስለ አንዲት የሩቅ አገር አበባ ልንገራችሁ፤ አስቀድሜ ግን ጥፋቴን ልናዘዝ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ተሳላሚ እናት ለእንግዳ መቀበያችን አንድ የአበባ ተክል ሰጡን። ሮዝ መልክ ያለው አበባዋ ወራትን ቆይቶ ጠወለገ፤ ቅጠሏም ይደርቅ ጀመር። እኔም ሞታለች ብዬ ጣልኋት። በዓመቱ እኒያ እናት ለትንሣኤ በዓል ተመልሰው «አባ፣ አበባዬ ልጅ አወጣች?» ቢሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ስሟ ኤክሜአ ይባላል፤ ስያሜው ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ከጦር ጫፍ ጋር ይዛመዳል። ከአናናስ ወገን ናት። የትውልድ ስፍራዋ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በኩል ያለው ደን ነው። በዚያ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትኖራለች፤ ነገር ግን እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አትመጥም፤ ሥሯ በዋናነት መያዣ ነው። ቅጠሎቿ ተደራርበው ጽዋ የመሰለ ጎድጓዳ ያበጃሉ፤ የዝናም ውኃ በዚያ ይጠራቀማል፤ እርሷም በቅጠሏ ትጠጣለች። በቅጠሏ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ውኃ መሳቢያዋ ነውና አቧራ መስሏችሁ አትጥረጉት።

አጠባበቋ ቀላል ነው። ውኃው በጽዋዋ ይሁን፤ እንዳይሸትም በየጊዜው ይለወጥ። አፈሯ ግን ጥቂት ይርጠብ እንጂ ውኃ አይቋጠርበት፤ ሥሯ ይበሰብሳልና። ኖራ ያለበት ውኃ ቅጠሏን ስለሚያበላሽ የዝናም ውኃ ይመረጣል። ብርሃን ትወዳለች፤ የቀትር ፀሐይ ግን ያቃጥላታል። ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድም ይጎዳታል፤ ስለዚህ በዚህ አገር ክረምት ከመስኮቱ ድንጋይ ላይ አንሷት።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እንደ ሙዝ አንድ ጊዜ ብቻ ታብባለች። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ስትጠወልግ ከሥሯ የሚወጡትን ልጆች ትመግባለች። ልጆቹ የእናታቸውን እኩሌታ ያህል ሲደርሱ በንጹሕ ቢላዋ ተለይተው ይተከላሉ፤ በ2 ወይም በ3 ዓመትም ያብባሉ። እኔ የጣልኋት በዚህ ሥራዋ ላይ ሳለች ነበር።

እኒያ እናት ሳይቀየሙ ሌላ አመጡልን። እርሷም ዘንድሮ አብባ ጠወለገች፤ ከሥሯ ሁለት ልጆች ወጥተዋል፤ አንዱ ለእርሳቸው ይጠበቃል። እንግዳ መቀበያውን የምታጸዱ ወንድሞች ሆይ፣ አደራችሁን፣ እናቲቱን አትጣሏት።