ከጆንያው ሥር ያለው ቡና



ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ፣ ከደርስ በኋላ ለምንጠጣው ቡና ከጀመዓው የተዋጣውን ገንዘብ ይዘን ገበያ የወጣነው እኛ ነበርን። ዋጋ ጠያየቅን፤ ከሁሉም ረከስ ያለውን መረጥን። ሻጩ ከጆንያው አፍ ዘግኖ ያሳየን ፍሬ ያማረ ስለነበር ሳንጠራጠር አንድ ኪሎ አስመዝነን ተመለስን። ቤት ገብተን ትሪ ላይ ዘርግተን መልቀም ስንጀምር ግን ጉዱ ወጣ። ጥቁሩ፣ ነቀዝ የበሳው፣ ስባሪውና ጠጠሩ ተለቅሞ ሲያበቃ ከኪሎው ሩብ ያህሉ ለመጣያ ሆነ። የተረፈውም ተቆልቶ ሲፈላ ሻጋታ ሻጋታ ይል ነበር። አቦሉን ከቀመሰው ውስጥ ቶናውን የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ሁላችንም ሻጩን አማን። ሐቁን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ እኛስ እጃችንን ወደ ጆንያው ሥር አስገብተን ነበር? አላስገባንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ እንዳስገቡና ጣቶቻቸው እርጥበት እንደነካቸው ሁላችንም ሰምተናል። ሻጩ ዝናብ መቶት እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ሻጭን ለመምከር ነው። ለገዢም ግን ትምህርት አለው፤ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም።

አንዳንድ ወንድሞች “ቡና ያው ቡና ነው፤ ስለዚህ ምን ያጽፋል?” ይሉናል። እኛ እንዲህ አናይም። የተዋጣው ብር አማና ነው። አንዳንዱ ተማሪ ያንን ብር ያዋጣው ከፎቶ ኮፒው ወይም ከትራንስፖርቱ ቀንሶ ነው። ቡናም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን የነበሩ ሱፊዮች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። እኛም በፈተና ሰሞንና ረመዷን ላይ ከተራዊሕ በኋላ የምንሰባሰበው በጀበናው ዙሪያ ነው።

ስለዚህ ከዚያ ኪሎ የተማርነውን እናካፍላችሁ። አንደኛ፣ የተፈጨ አትግዙ። ከተፈጨ በኋላ ገብስ ይግባበት ሽምብራ፣ ወይም የከረመ ቡና ይቀላቀልበት፣ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጥሬው ግን ራሱን አይደብቅም። ደግሞም ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ የተቆላው በሳምንታት፣ የተፈጨው በጥቂት ቀናት መዓዛውን ያጣል።

ሁለተኛ፣ እጃችሁን ወደ ጆንያው ሥር ስደዱና አንድ እፍኝ አውጡ። አሽትቱት። ደህና ጥሬ ቡና የደረቀ ሣር የመሰለ ንጹሕ ሽታ አለው። የሻጋታ፣ የአቧራ፣ የጋዝ ወይም የሳሙና ሽታ ካለው ተዉት፤ ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፣ ቆልታችሁም አታስለቅቁትም። ቀጥሎ አንዷን ፍሬ በጥርሳችሁ ያዝ አድርጉ። በደንብ የደረቀች ትጠነክራለች፤ ጥርስ ከሰረጎደባት ገና እርጥብ ናት፣ ልትሻግትም ትችላለች፣ የእርጥበቱንም ክብደት በቡና ዋጋ እየከፈላችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ መልኩንና መጠኑን እዩ። የታጠበ ቡና አዲስ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ከነገለባው የደረቀው ደግሞ ቢጫ ቢጫ ይላል። የነጣና የደበዘዘ ከሆነ ሳይከርም አልቀረም። ትልቅና ትንሽ ፍሬ ከተደባለቀ ምጣዱ ላይ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬውን ይቀራል። ጮርቃ ሆኖ የተለቀመው ደግሞ ሌላው ሲጠቁር እሱ ገርጥቶ ይታያል። ቡና ለውጭ ገበያ ሲመደብ ከ300 ግራም ናሙና ውስጥ ጉድለት ያለበት ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኛ አንድ እፍኝ መቁጠር አያቅተንም።

አራተኛ፣ የየት ቡና እንደሆነ ጠይቁ። የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና አበባ አበባና ሎሚ ሎሚ ሲል፣ ከነገለባው የሚደርቀው የሐረር ቡና የፍራፍሬ ጣዕሙ ይጎላል። የጅማ፣ የሊሙ፣ የሲዳማና የወለጋም የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው። የትኛው እንደሚበልጥ አንፈርድም፤ ያም ሆኖ አክስለን ከቆላነው ሁሉም አንድ ዓይነት መራራ እንደሚሆን አይተናል። “የየት ነው?” ተብሎ ተጠይቆ መልስ የሌለው ሻጭ ግን ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ራሱም አያውቅም ማለት ነው።

ዋጋው እንዴት ይሆናል? ጥሩ ቡና መግዛት ኢስራፍ ነው የሚል አስተያየት ሰምተናል። በእኛ ዕይታ ኢስራፍ የነበረው ያ ርካሽ ኪሎ ነው። ሩብ ያህሉን ጣልነው፤ የቀረውን ማንም አልጠጣውም። በዚያው ገንዘብ ግማሽ ኪሎ ደህና ቡና ብንገዛ ኖሮ እስከ በረካ ጠጥተን በተነሳን ነበር።

ከዚህም የሚልቅ ነገር አለ። ከመካከላችን ከጅማ፣ ከኢሉባቦር፣ ከሐረርጌና ከባሌ የመጣን ልጆች ቡና ምን እንደሚያለፋ ከቤታችን እናውቃለን። ቀይ ቀዩን ብቻ የሚለቅም ገበሬ ወደ አንድ ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። አልጋ ላይ አስጥቶ በየሰዓቱ ያገላብጣል፤ ዝናብ ሲያስገመግም ሮጦ ይሸፍናል። ጎረቤቱ ቀዩንም ጮርቃውንም አንድ ላይ አራግፎ መሬት ላይ ያሰጣል። ገዢው ሳያይ ለሁለቱም እኩል ከከፈለ የመጀመሪያው ገበሬ ለምን ይደክማል? እኛም ርካሹን ብቻ ስንጠይቅ ነጋዴው ከሥር የደበቀውን እንዲያመጣልን እየጠየቅነው ነው። ከምርታችን ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው የአገሩ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ የእኛ ምርጫ ትንሽ አይደለም።

ለጀመዓው ያለን ሐሳብ ቀላል ነው። ገበያ የሚወጡት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ቢቻል ቤቱ ቡና ሲለቀም ያደገ ይሁን። መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ገዝተን ቆልተን እንቅመስ፤ ከወደድነው የቀረውን እንግዛ። ደህና የሸጠልንን ሰው ደንበኛ እናድርገው፣ ለሌሎችም እንጠቁመው። ያታለለንን ስሙን እያነሳን ከምናማው ተመልሰን ፊት ለፊት እንንገረው፤ ምናልባት እሱም ከጆንያው አፍ ብቻ አይቶ ገዝቶ ይሆናል።

እኛ ያን ኪሎ ለገዛንበት ግዴለሽነት ጀመዓውን ዐፍው እንጠይቃለን። የሚቀጥለውን ቡና ከኪሳችን ገዝተን እናመጣለን፤ ኢንሻአላህ ትሪው ላይ ዘርግተን ስንለቅም መጥታችሁ እዩት።