ማሽኑ ቆሟል፤ ጥፋቱ በማን ስም ይጻፍ?

የፋብሪካ ማሽን መከታተያ ሶፍትዌር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ነው። አረንጓዴ ከሆነ ማሽኑ ይሠራል፣ ቀይ ከሆነ ቆሟል፣ ከላይ ደግሞ በትልቁ የተጻፈ የመቶኛ ቁጥር አለ። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኘዋል። ሶፍትዌሩን የሠራው ዲቨሎፐርም የሚመሰገነው በዚሁ ስክሪን ነው። ከባዱ ሥራ ግን ቀዩ ሲበራ «ለምን ቆመ?» ለሚለው ጥያቄ ሲስተሙ የሚመዘግበው መልስ ነው። ወር ሲደርስ ያ መልስ የሰው ኪስ ውስጥ ይገባልና።

የሽመና ፋብሪካን አስቡ። በዘመናዊ የሽመና ማሽን ላይ እያንዳንዱ የድር ክር ቀጭን የብረት ቅጠል ተሸክሟል። ክሩ ሲበጠስ ቅጠሉ ይወድቃል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኛል፣ ማሽኑ በራሱ ይቆማል። ማጉም ሲበጠስ የሚያስቆም መሣሪያ አለ። ዲቨሎፐሩ ይህን ምልክት ከማሽኑ ፒኤልሲ ማንበብ አይከብደውም። ድሩ ለምን ተበጠሰ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክሩ ጥንካሬ ስለሌለው ነው? አዳራሹ እርጥበት አጥቶ ጥጡ ስለደረቀ ነው? ሴንሰሩ የሚያውቀው «ድር ተበጠሰ፣ 11 ደቂቃ ቆመ» የሚለውን ብቻ ነው። ከ11 ደቂቃው ስንቱ የኦፕሬተሯ ነው? አሥር ማሽን የምትጠብቅ ሴት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ቢቆሙባት፣ ሦስተኛው ወረፋ መጠበቁ ግድ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ዘግይታለች» ሆኖ ይወጣል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ከማሽኑ ጋር መረጃ የምትሰበስበው ትንሽ ሳጥንም ትጠፋለች። መብራቱ ሲመለስ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ጀማሪ ዲቨሎፐር ኮዱን የጻፈው ለሁለት መልስ ብቻ ነው፤ ይሠራል ወይም ቆሟል። «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ መልስ ስላላስቀመጠ ባዶው ሁሉ «ቆሞ ነበር» ይሆናል። በዚያ ላይ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ያሉ ኮምፒውተሮች የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። ኢንተርኔት ከሌለ ሲነሱ ሰዓታቸው ወደኋላ ቀርቶ ስለሚነሳ የጠዋቱ ፈረቃ ችግር በሌሊቱ ፈረቃ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። (የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ «ፈረቃው ከ2 እስከ 10 ሰዓት ነው» ሲባል በሐበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ሳይጠይቅ ያስገባ ዲቨሎፐር ስድስት ሰዓት ስቷል።)

ሒሳቡን እዩት። ፈረቃው 480 ደቂቃ ነው፤ መብራት 96 ደቂቃ ጠፋ፤ ሌላ ችግር አልነበረም። የጠፋውን ጊዜ ከሥራ ሰዓት ከቆጠሩት ማሽኑ የሠራው 80 በመቶ ነው። ካወጡት 100 በመቶ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። 80ው ፋብሪካው ከመብራት መጥፋት ምን እንዳጣ ይናገራል፤ 100ው ኦፕሬተሯ በእጇ ባለው ጊዜ ምን እንደሠራች። ነውሩ 80ውን ወስዶ ከስሟ ጎን መለጠፍ ነው። የትኛው እንደሚለጠፍ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንንም ሳያማክር በአንድ የኮድ መስመር ዲቨሎፐሩ ነው። ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ያስተዋወቀው ኦኢኢ የተባለው መለኪያ እንኳ በስሙ የመሣሪያ እንጂ የሰው መለኪያ አይደለም።

«ሠራተኛ ካልተቆጣጠሩት ይተኛል» የሚል ባለቤት ይኖራል። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ የባንክ ብድር አለበት፣ ለመለዋወጫ ዶላር ይጠብቃል፣ የቆመ ማሽን ገንዘብ ይበላል። ግን ቁጥሩ መቅጫ እንደሆነ የታወቀ ዕለት ኦፕሬተሮቹ የሚጫኑት እነሱን የማይነካውን ምክንያት ነው። ወሩን ሙሉ «ክሩ ጥራት የለውም» ይመዘገባል፣ ጥገና ክፍል ክር ሲያሳድድ ኩሽኔታው ተበልቶ ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ እንዲሁ እንዲቆረጥ አይፈቅድም፤ ጉርሻ መከልከል ግን ቀላል ነው፣ መከልከያውም ይኸው ሪፖርት ይሆናል።

ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ከሚታወቅበት ነገር አንዱ ክር ሲበጠስ በራሱ መቆሙ ነው። ከዚያ ሐሳብ የተነሳው የቶዮታ አሠራር የመኪና ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩን እንዲያስቆም ይፈቅድለታል። የካይዘን ጽሑፍ በግድግዳው ላይ የለጠፈ ፋብሪካ ማሽን ያቆመውን ሠራተኛ በቁጥር ሲቀጣ ማየት ግራ ያጋባል።

ስለዚህ ዲቨሎፐሩ ኮድ ከመጻፉ በፊት የሌሊቱን ጨምሮ ጥቂት ፈረቃዎች አዳራሹ ውስጥ ይዋል፣ ይደር። የምክንያቶቹ ዝርዝር ከኦፕሬተሮቹ ጋር፣ እነሱ በሚናገሩት ቋንቋ ይውጣ። በስሟ የተመዘገበውን ኦፕሬተሯ ከአለቃዋ በፊት ትይ፣ ፈረቃው ሳያልቅ የማረም መብት ይኑራት። የማይታወቀው የማይታወቅ ሆኖ ይቆይ። ይህ ሁሉ ደግሞ በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ይስፈር፤ ሲስተሙ ከተረከበ በኋላ ዲቨሎፐሩ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነው፣ ኦፕሬተሯም ስልኩ የላትም።