የሙራበሃን ቅደም ተከተል መዝገብ ይመስክር

ብሎክቼይን ከኢስላማዊ ፋይናንስ ጋር ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው ወደ ቢትኮይን ይሄዳል። የወቅቱ የግብፅ ዋና ሙፍቲ ሸውቂ አላም እ.ኤ.አ. በ2018 ግብይቱን ከለከሉ፤ የማሌዥያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን የሸሪዓ ምክር ቤት ደግሞ በ2020 ዲጂታል ሀብቶችን በቅድመ ሁኔታ መገበያየትን ፈቀደ። ክርክሩ ይቀጥል። ወለድ አልባ ባንኮችን ዛሬውኑ የሚጠቅማቸው ግን ከዚህ ሁሉ ውዝግብ ነፃ የሆነው የብሎክቼይን የመዝገብ አያያዝ ነው።

ምክንያቱን ሙራበሃ የተባለው የሽያጭ ውል ያሳያል። ደንበኛ መኪና ሲፈልግ ባንኩ ገንዘብ አያበድረውም፤ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን አሳውቆ በዱቤ ይሸጥለታል። ትርፉ የሚፈቀድለትም ንብረቱ በእጁ በቆየበት ጊዜ፣ አጭር ቢሆን እንኳ፣ የጉዳቱን ኃላፊነት ስለተሸከመ ነው። ሽያጩ ከግዢው ከቀደመ ግን ውሉ ስሙን የቀየረ የወለድ ብድር ይሆናል። እንግዲህ ሰነዶቹ ተሟልተው መገኘታቸው ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ቀድሞ እንደተፈረመ መታወቅ አለበት። የሸሪዓ ኦዲተሩ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሚመረምረውም ባንኩ ራሱ ያቀረበለትን ፋይል ነው። ሻጩ፣ ባንኩና የሸሪዓ ቦርዱ በጋራ የሚይዙት የብሎክቼይን መዝገብ ቢኖር እያንዳንዱ ግቤት ከቀዳሚው ጋር ይቆራኛል፤ አንዱ ወገን ብቻውን ቀኑን ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም።

የባንኩ የራሱ ኮምፒዩተር ይህን አይሠራም ወይ የሚል ይኖራል። ይሠራል፤ ነገር ግን ተመርማሪው ራሱ ብቸኛ መዝገብ ያዥ ሲሆን ምርመራው ይደክማል። ሐሰት ከገባ መዝገቡ ሐሰትን ያጸናል የሚለው ሥጋት የበለጠ ይከብዳል። ባንኩ መኪናውን በእርግጥ መረከቡን የሚያረጋግጠው ሰው ነውና፣ መዝገቡ ኦዲተሩን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። ሌላም ገደብ አለ። የኤምሬትሱ ኩባንያ ዳና ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የ700 ሚሊዮን ዶላር ሱኩኩ (ኢስላማዊ ቦንዱ) ከሸሪዓ ጋር አይስማማም ብሎ ክፍያውን ሲያቆም፣ ጠቡ የተነሣው በውሉ ሕጋዊነት ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ጠብ የትኛውም ቴክኖሎጂ አይፈታውም፤ ዓሊሞችና ዳኞች ናቸው የሚፈቱት።

በአገራችን ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች ተከትለዋል። እነዚህ ባንኮች ከብሔራዊ ባንክ ጋር ተመካክረው በተሽከርካሪና በማሽን ሙራበሃ ላይ የተወሰነ ሙከራ ቢጀምሩ መልካም ነው። ዲጂታል ሳንቲም ማውጣትም ሆነ ሕዝብን ወደ ዋጋ ቁማር መጋበዝ አያስፈልግም። ወለድን በመሸሽ ለዘመናት ከባንክ ርቆ የኖረ ምእመን ገንዘቡን ያመጣው ቃል ተገብቶለት ነው፤ ቃሉ መጠበቁን የሚያይበት ማስረጃ ማግኘትም መብቱ ነው።