ኒቅያን ለቀቅ፣ መጽሐፉን ገለጥ

ሰሞኑን ለቅሶ ደርሼ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ንፍሮው እየዞረ ሳለ አጠገቤ ያለ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ለጓደኞቹ ማስረዳት ጀመረ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ያልተመቹትን መጻሕፍት ከመጽሐፍ ቅዱስ አስወጣ፤ መጽሐፈ ሄኖክንም አሳገደ፤ ኢትዮጵያ ብቻ ደብቃ አተረፈችው። የሰማው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፣ ከዚህ ወሬ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ቀደሙኝ። «ልጄ፣ የይሁዳን መልእክት አንብበሃል?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። «አንዲት ምዕራፍ ናት፤ ሃያ አምስት ቁጥር። ሄኖክ እዚያው በስሙ ተጠቅሶልሃል። ማን አወጣው?» አሉና እፍኝ ንፍሯቸውን ቀጠሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ መልስ በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። የትም የተሸሸገ ነገር አልጠቀሱም፤ 66 ቆጥሮ ለሚያምነውም 81 ቆጥሮ ለሚያምነውም እጁ ላይ ያለውን መልእክት ነው የጠቀሱት።

እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች የተጣሉት ከአርዮስ ጋር ነው። ወልድ ፍጡር ነው ወይስ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ? ክርክሩ ይህ ነበር። የፋሲካ በዓል የሚውልበትንም ቀን ተነጋገሩ፤ 20 ቀኖናም ወሰኑ። ከሃያዎቹ አንዱም የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት አይቆጥርም። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይዟል፤ የኒቅያ ሥራ ምን እንደነበረ ከዚያው ጸሎት ይሰማዋል። ከሠለስቱ ምዕት በተረከብነው ጸሎት ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር የት አለ?

ቆስጠንጢኖስ ያደረገው አንድ ነገር እውነት ነው። ከጉባኤው በኋላ ለቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት 50 የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጂ እንዲጻፍለት የቂሳርያውን አውሳብዮስን አዝዟል። ማስገልበጥ ግን መምረጥ አይደለም። መጻሕፍቱ በጉባኤው ተለዩ የሚለውን ተረት በ18ኛው መቶ ዘመን ቮልቴር አራገበው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የዳን ብራውን ልብ ወለድ ደግሞ ለዓለም አዳረሰው። ልብ ወለድ መሆኑን እየተነገራቸው እንደ ታሪክ ለሚጠቅሱት ሰዎች ትዕግሥት የለኝም።

ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ እጃችን የደረሰው የመጀመሪያው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ367 የተጻፈው የአትናቴዎስ የፋሲካ መልእክት ነው። አትናቴዎስ በዲቁናው ኒቅያ ላይ ነበረ። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከውም እሱ ነው። ጉባኤው ቆጥሮ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያው የነበረ ሰው ከ42 ዓመት በኋላ ዝርዝር መጻፍ ለምን አስፈለገው? መጻሕፍቱ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲነበቡ፣ ሲመረመሩና ሲያከራክሩ ኖረው ነው የጸኑት። የእኛም ሰማንያ አሐዱ እንዲሁ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ አቆጣጠሩ ሁለት ነው፦ አንዱ ብሉይን 46፣ የሥርዓት መጻሕፍትን ጨምሮ ሐዲስን 35 ይላል፤ ሌላው ብሉይን 54፣ ሐዲስን 27 ይላል። ሊቃውንቱ ይህን ያውቃሉ፤ እምነታቸውም አልተናጋም።

ሄኖክንም ማንም ከማንም አልደበቀውም። ጸሐፊዎቻችን ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው በአደባባይ ሲገለብጡት ኖረዋል። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወስዷል፤ በኋላም በቁምራን ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። ሙሉው መጽሐፍ ግን በግእዝ ብቻ ነው የተረፈው። ይህ ትልቅ ክብር ነው። የሚያናድደኝ ይህን ክብር በሐሰት ማስጌጣችን ነው። የአባ ገሪማን ወንጌል «የዓለም ቀዳሚው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ» እያልን እናሠራጫለን። በብራናዎቹ ላይ ያሉት አራቱ ወንጌላት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። ይህ አልበቃ ብሎን ነው የምንጨምርበት?

ሳናነብ የምንናገረው ነገር ብዙ ነው። ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ቁጥር አልጻፈም፤ ሦስት የሆኑት ስጦታዎቹ ናቸው። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ሲወድቅ በሐዋርያት ሥራ ላይ ፈረስ የለም። ይህስ ማንንም አይጎዳም። መግደላዊት ማርያም ላይ የደረሰው ግን ስም ማጥፋት ነው። ወንጌሎቹ አመንዝራ አላሏትም። እ.ኤ.አ. በ591 የሮማው ጎርጎርዮስ በስብከቱ ሦስት ሴቶችን አንድ አደረጋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊውም ፊልም ሠሪውም ያንኑ ደገመው። ከትንሣኤው በኋላ ጌታን አይታ ለሐዋርያት ያበሠረች ሴት ናት። ሉቃስ ምዕራፍ 7ንና 8ን አከታትሎ ያነበበ ሰው ይህን በደል አይደግመውም።

ያ ወጣት ክፉ ልጅ አይደለም። ጉጉት አለው፤ ለአገሩም ይቆረቆራል። የጎደለው የሚያስነብበው ሰው ነው። የአንድምታ መምህር አስቀድሞ ንባቡን ያስነብባል፤ ከዚያ አንዱን ፍቺ ተናግሮ ሌላውን ያስከትላል፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ክርክር የሚያምረው እንዲህ ሲሆን ነው። እኛ ግን ንባቡን ትተን ከክርክሩ ጀመርን፤ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም፣ አምላክ የለም ባዩም።

ስለዚህ በየጽዋ ማኅበሩም፣ በየኅብረቱም፣ በየለቅሶ ድንኳኑም አንድ ደንብ ይኑረን፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሊከራከር የተነሣ ሰው መጀመሪያ ምዕራፉን ጮክ ብሎ ያንብብልን። ጊዜ የለኝም ለሚል የይሁዳ መልእክት አለችለት። ከንባቡ በኋላ ጠብ የተረፈው ካለ እኔም ልጣላው ዝግጁ ነኝ።