የማይታየውን የቤት አየር ስለ መለካት

የቤት ንጽሕና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መጥረጊያው፣ ስለ መጠጥ ውሃውና ስለ መጸዳጃው ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዐይን የማይታይ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው፣ ከወለላችን በታች ካለው ምድር የሚወጣ ራዶን የሚባል ጋዝ አለ። ስለ እርሱ የምንጽፈው ሕዝቡን ለማስፈራራት አይደለም፤ ሳይለኩ መፍራትም ሆነ ሳይለኩ መናቅ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ነው እንጂ።

ራዶን የሚገኘው በአለትና በአፈር ውስጥ ያለው ዩራንየም ቀስ በቀስ ሲፈርስ ነው። ከሜዳ ላይ ሲወጣ ነፋስ ይበትነዋል፤ ከተዘጋ ቤት ሲገባ ግን ይጠራቀማል። ከእርሱ የሚወለዱት ጥቃቅን ብናኞች ከትንፋሽ ጋራ ወደ ሳንባ ገብተው ጨረር ይረጫሉ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የሳንባ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ አንድ የኑክሌር ጣቢያ ሠራተኛ ወደ ሥራው ሲገባ የጨረር መመርመሪያው ጮኸ፤ ነገሩ ቢመረመር ጨረሩን ይዞ የመጣው ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅትም የቤት አየር በአንድ ሜትር ኩብ ከ100 በኬረል እንዳያልፍ፣ ይህ ባይቻል እንኳ ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል።

የእኛስ አገር እንዴት ነው? መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈልቆ በረጋ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ይህም ጥቁር ድንጋይ በጠቅላላው ከግራናይት ያነሰ ዩራንየም ይዟል። ይሁን እንጂ የቤትን አየር የሚወስነው አለቱ ብቻ አይደለም፤ የምድሩ ስንጥቅ፣ የወለሉ ዓይነትና የአየሩ መተላለፍም ነው። ስለዚህ የሁለት ጎረቤታሞች ቤት እንኳ ልኩ ሊለያይ ይችላል። የደጋው ውርጭ ደግሞ በርና መስኮት እንድንዘጋ ያስገድደናል፤ በአፈር መደብ ላይ የሚተኙ ሕፃናትም ከምድሩ የሚወጣውን አየር ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ።

«አባቶቻችን በዚሁ ቤት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚሉ አሉ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣን በሽታ ከቤቱ ወለል ጋራ አያይዞ የመረመረ በዚያ ዘመን ማን ነበር? እንግዲህ ክርክሩን የሚቈርጠው መለኪያ ነው።

ለዚህ ሥራ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ አነስተኛ የፕላስቲክ መለኪያ አለ። በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከበር፣ ከመስኮትና ከምድጃ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቢያንስ ሦስት ወር ቆይቶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የራዶን መጠን በየቀኑና በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን ልኬት አያስተማምንም። በእኛ አስተያየት ልኬቱ በትምህርት ቤቶች ቢጀመር መልካም ነው፤ ብዙ ሕፃናት የሚውሉት በዚያ ነውና፤ መምህራንም የየክፍሉን ወለልና መስኮት መዝግበው ውጤቱን ለወላጆች ማስረዳት ይችላሉ።

እስከዚያው ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ጧት ጧት መስኮትና በር እንክፈት፤ ይህ የምድጃውንም ጭስ ያስወጣልናልና ትርፉ እጥፍ ነው። የተሰነጠቀ ሊሾ በሲሚንቶ ይደፈን፤ አዲስ ቤት የሚሠራም ከወለሉ በታች ወፍራም ላስቲክ ያንጥፍ። ከሁሉ በላይ ትንባሆ ከቤት ይውጣ፤ ራዶን አጫሹን ከማያጨሰው ይልቅ እጅግ አብልጦ ይጎዳልና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አበው ቃጠሎው ከመድረሱ በፊት መጠንቀቅን አስተምረዋል። የራዶንም ጥንቃቄ እንዲሁ ነው፤ መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም፤ መለካትም ለልጆቻችን ጤና ሲባል የማይታለፍ ተግባር ነው።